ከውስጥ የማይከፈት በር

ባለቁልፏ መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። ጥንድ ጫማ ከባለቀንዷ ሆድ ሥር ወጥቶ፣ አፍንጫው መሬት ነክቶ ተዘርግቷል። ዕለቱ ሰኞ ነው፤ የጦር ሙዚየሙ ደግሞ ሰኞ ለጎብኚ ዝግ ነው። በዝግ ቀን ተሽከርካሪ ሥር የሚተኛ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ቤቱ የጠፋበት ሰካራም። መጥረጊያዋን አዞረችና በእንጨቱ ቁርጭምጭሚቱን አቀመሰችው።

«ውጣ!»

«እሽሽ...» አለ ከሥር። «እየቀዳሁ ነው።»

«ምን? ነዳጅ?»

«ድምፅ።»

ሰውዬው አቧራና ቅባት ለብሶ እየተሳበ ወጣ። ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ ደፍቷል፤ ጠጉር የለበሰች ማይክ ደግሞ እንደ ድመት ታቅፏል። ወዲያው የበሩ ጠባቂ ሃምሳ አለቃ እያለከለከ ደረሰ።

«ፈቃድ አለው፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«ታዲያ ለኔ አይነገረኝም?»

«ልነግርሽ ስመጣ ቀድመሽ መታሽው።»

ሰውዬው ቁርጭምጭሚቱን እያሸ ሳቀ። «ድምፁስ ጥሩ ነበር» አለ። «የእንጨቱን ማለቴ ነው።»

እሷም ሳትፈልግ ሳቀች። ከሳቀች ደግሞ ሰንብታ ነበር።

ባለቁልፏ የሚሏት የአዳራሾቹ ቁልፍ ሁሉ ወገቧ ላይ ስለሚንቃጨል ነው። ባለቀንዷ ግን ሰው አይደለችም። ቻይና ሠራሽ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ናት፤ ሥራዋ ታንክ የሚመታ ሚሳኤል ተሸክሞ መሄድ ነበር። ጣሪያዋ ላይ አራት ቱቦ ስለተገተረ ሠራተኛው ቀንድ አወጣላት። አሁን ጡረታ ወጥታ ግቢው ጥግ መጠለያ ሥር ቆማለች፤ ባለቁልፏ በየጠዋቱ አቧራዋን ትወለውላለች።

«ከዚች ምን ድምፅ ይገኛል?» አለችው በማግስቱ። «ከቆመች ስንት ዘመኗ።»

«ጨዋታ ውስጥ ልትገባ ነው። በኮምፒውተር የሚጫወቱት የጦር ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ይቺ ትግባልን ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ክብደቷን፣ ፍጥነቷን፣ ሚሳኤሏ ምን ያህል ብረት እንደሚበሳ እየጻፉ ሲነታረኩ ከረሙ። ድርጅቱ እሺ አለና ድምፅዋን ይዘህ ና ብሎ ላከኝ።»

«ሰው ሥራ ፈትቷል።»

«እኔም ከነሱ ሥራ ፈትነት ነው የምበላው» አለ።

ሃምሳ አለቃ ወዲያው ስም አወጣለት፤ «ጆሮ» አለው። ጆሮ ጎማውን እያስገፋ ቀዳ፣ ሽማግሌውን መካኒክ ለምኖ ሞተሯን አስነስቶ ቀዳ። አንድ ረፋድ ላይ ደግሞ ማዳመጫውን አወለቀና ባለቁልፏ ጆሮ ላይ ደፋላት። ሲደፋላት ጣቱ ጠጉሯን ነካ።

«ምንም የለም» አለች።

«ትንሽ ታገሺ።»

ታገሠች። ፀሐዩ የባለቀንዷን ጎን ሲያሞቀው ብረቱ ቀስ እያለ ይንቋቋል፤ በመሐል ረጅም እስትንፋስ የመሰለ ነገር ይሰማል። ያን ሁሉ ዓመት ስትወለውለው ኖራ ይህን ሰምታ አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ስትገልጠው ጆሮ እያያት ነበር፤ ሁለቱም ቶሎ ወደ ሌላ ዞሩ።

«በጨዋታው ስትመታ ምን ትሆናለች?» አለች።

«ትቃጠላለች።»

«ውስጧ ያሉትስ?»

«እነሱም... ጨዋታ ነው እኮ። ተጫዋቹ ጥቂት ይጠብቅና አንድ ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ ሁሉም ይመለሳሉ።»

«ይመለሳሉ?»

«እንዳልተመቱ ሆነው።»

ማዳመጫውን አውልቃ መለሰችለት። «እኛም ቤት እንደዚያ ነው» አለችና መጥረጊያዋን ይዛ ሄደች። ጆሮ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቀረ።

እሱ ያላወቀውን እናንተ እወቁት። የባለቁልፏ ባል የእንዲህ ያለች ተሽከርካሪ ሾፌር ነበር። ዘምቶ ሳይመለስ ሰባት ዓመት ሆነው። የመጣው ወረቀት «የገባበት አልታወቀም» ይላል። እናቱ ያንን ወረቀት ይዘው «አልታወቀም ማለት ሞተ ማለት አይደለም» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ ሞት የሚባል ነገር አይነሳም። አልጋው ይነጠፋል፣ ሸሚዙ ይተኮሳል፣ ማዕድ ሲቀርብ የሱ ሳህን አብሮ ይቀርባል። ባለቁልፏ ሚስት እንዳትባል ባል የላትም፤ መበለት እንዳትባል አማቷ አልቅሰው አያውቁም። የሙዚየሙንም ሥራ ያስገኙላት እሳቸው ናቸው። ምሳዋን በየቀኑ ይዘው ይመጣሉ፤ ሲመጡም ሲሄዱም የባለቀንዷን ጎን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ የልጃቸውን ክፍል በር እንደሚያንኳኩ ሁሉ።

ጆሮ ያገኛቸው በዚያው ቀን ነው። የምሳ ዕቃውን ይዘው መጡ፣ ብረቱን አንኳኩ፣ ምራታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና፦

«ሙሽራዬ፣ እንዲህ ከስተሽ ባልሽ ሲመጣ ምን ሊለኝ ነው?» አሉ።

ማይኩን ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ባለቁልፏ ፊቱ ሲለወጥ አየች። አፏን ልትከፍት አለች... በአማቷ ፊት ግን ምን ትበል? የምሳ ዕቃውን ተቀበለቻቸው።

በማግስቱ «እንደምን አደሩ?» አላት።

«አንቺ» ሲላት የከረመ ሰው ድንገት «እርስዎ» ሲል ምን ያህል እንደሚያስከፋ የደረሰበት ያውቀዋል። ሌላ ሴት ብትሆን ጠርታ ትጠይቀው ነበር። እሷ ግን ብትጠይቀው መልሱን መንገር ሊኖርባት ነው። እንዲያ ሆነው ሳምንቱ አለቀ። ሰኞ፣ በጆሮ የመጨረሻ የሥራ ቀን፣ የቀረው የኋላው በር ድምፅ ብቻ ነበር።

«ስልካችንን እዚህ እንተወው» አለ፣ የሃምሳ አለቃን ጠረጴዛ እያሳየ። «ስልክ አጠገብ ካለ ማይኩ ውስጥ ይነዝራል። ሃምሳ አለቃ፣ አደራዎን። በሩን እንዘጋለን፣ ግድግዳውንም እንደበድባለን። ምንም ዓይነት ድብደባ ቢሰሙ አይምጡ፤ ሌላ ሰውም አያስጠጉ።»

«ታዘዝኩ» አለ ሃምሳ አለቃ፣ ተረከዙን አጋጭቶ። ትእዛዝ ከሰጡት መሬት ቢናወጥ ንቅንቅ የማይል ሰው ነው።

ባለቀንዷ ውስጥ ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ሳይነካካ መቀመጥ አይችልም። ጆሮ አንዱን ማይክ ውጭ ሰቅሎ ገመዱን ወለሉ ላይ ባለች ቀዳዳ አስገባው፤ ሁለቱን ማይኮች ደግሞ ራሱ ያዘ። በሩን የምትጎትተው እሷ ናት። በሩና መቃኑ መካከል ሁልጊዜ የምትወትፋት እንጨት አለች።

«እንጨቷን ያውጧት» አለ ጆሮ። «ድምፁን ታበላሻለች። ግጥም ያድርጉት። ይቅርታ አስቸገርኩዎት።»

አስቸገርኩዎት! የሳምንቱ ንዴት ክንዷ ላይ ወጣ። እንጨቷን ወረወረችና በሩን ባላት ጉልበት ወደ ራሷ ሳበችው። ጓ! አለ። ጥርሳቸው ሳይቀር ተናወጠ።

«ግሩም ነው» አለ ጆሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «እስኪ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

ባለቁልፏ በሩን አየች። የእጀታው ቦታ ባዶ ነው።

«አይደገምም።»

«ለምን?»

«በውስጥ በኩል እጀታ የለውም። ድሮ ነው ተነቅሎ የጠፋው።»

«የጣሪያውና የሾፌሩስ?»

«ሕፃናት እየገቡ ሲያስቸግሩ ተበየዱ።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ዘጉት?»

«ግጥም አድርጊው አልከኝ።»

«ያድርጉት ነው ያልኩት።»

«እሱ ነው ያናደደኝ!»

ተያዩ። ጆሮ መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ከዚያ መደብደብ ጀመሩ፤ በቡጢ፣ በጫማ፣ በቁልፎቹ። ጩኸታቸው እንኳ ከወፍራሙ ብረት አልፎ ሩቅ አይሰማም። ሲደክማቸው ማዳመጫውን መሐላቸው አድርገው አንድ አንዱን በየጆሯቸው ላይ ያዙ። ውጭ የተሰቀለችው ማይክ ግቢውን ሁሉ ታሰማለች። ሃምሳ አለቃ ለአትክልተኛው ሲናገር ሰሙት።

«እንዳትጠጋ፣ ሥራ ላይ ናቸው። ዛሬስ አሳምረው ነው የሚደበድቡት።»

«ይሰማናል» አለ ጆሮ። «ሰምቶ ነው እምቢ ያለው። አፌን ቁርጥ ያርገው።»

ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ወፍራሙ የመስኮት መስታወት ጥቂት ብርሃን እንጂ አየር አያስገባም። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል፤ እግር መዘርጋት የለም፣ መቆም የለም።

«ማታ በሮቹን ሳይቆልፍ አይሄድም፤ ያኔ ይፈልገናል» አለ ጆሮ። «ከዚያ በፊትስ ማን ይመጣል?»

«አማቴ። ምሳ ይዘው።»

«እሰይ። ተገላገልን።»

«አልተገላገልንም» አለች ባለቁልፏ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው። ከዚህ ብረት ውስጥ ሊያወጧት የሚችሉ አንድ ሰው ቢኖሩ፣ ከወንድ ጋር ተዘግታ እንዲያገኟት በፍጹም የማትፈልጋቸው እሳቸው ናቸው።

ጆሮ በመስኮቱ ለማየት ወደ ፊት ተሳበና ሾፌሩ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል፣ እጁን ለቀም አደረገችው።

«እዚያ አትቀመጥ።»

«ለምን?»

«እኔም ተቀምጬበት አላውቅም።»

እጁን አልለቀቀችውም። እሱም አልሳበውም።

«የባለቤትሽ ቦታ ነው አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። «ሃምሳ አለቃ ባሏ ሾፌር ነው ብሎኛል። ይመጣል ሲባል ስሰማ... የሰው ትዳር መንካት አልፈልግም ብዬ ነው የራቅሁት። ዛሬ ማታ እሄዳለሁ። ትኬቴን ቆርጫለሁ።»

«አይመጣም» አለች።

ቃሉን ጮክ ብላ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ የቀረው ተከተለ። አብሮት የነበረው ተኳሽ በሁለተኛው ዓመት እዚህ ድረስ መጥቶ ነገራት። ተመትተው ነበር። እሱ በኋላው በር ወጣ፤ የሾፌሩ በር አልከፈት አለ። በዓይኑ አይቶ ነው የነገራት።

«እማማ ጋ እንዳትሄድ ብዬ አስማልኩት። ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሳህኑን የማቀርበው እኔ ነኝ። እንደሞተ እያወቅሁ ሸሚዙን እተኩሳለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ... የኔ ግን ነቅዟል።»

ጆሮ ላቧንና እንባዋን በእጁ መዳፍ ጠረገላት።

«እኔ ደግሞ» አለ፣ «አንድ ቁልፍ ይጫኑና ይመለሳሉ አልኩሽ።»

«አላወቅህም።»

«እወድሻለሁ። ይሄን ለመናገር መጥፎ ቦታ ነው፤ ግን የምትሄጂበት የለሽም።»

በዚያ ሙቀት ውስጥ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ መልሳ አለቀሰች። «ብሄድ እሳቸው ይሞታሉ» አለች። «ብቀር እኔ።»

በማዳመጫው የሴት እርምጃ ተሰማ። ሃምሳ አለቃ ከሩቅ «እማማ፣ ይቆዩ፣ ሥራ ላይ ናቸው» ይላል። እርምጃው አልቆመም። ከዚያ ከጎናቸው፣ ከብረቱ በስተጀርባ፣ ኳ ኳ አለ።

ጆሮ ያወቀው ውጭ ሰው መጥቶ ማንኳኳቱን ብቻ ነው። ባለቁልፏ ልትይዘው እጇን ስትሰድ ቀድሟት መልሶ ሁለቴ አንኳኳ።

ውጭ የምሳ ዕቃው መሬት ወደቀ። ክዳኑ ሲሽከረከር፣ ሲሽከረከር ቆየና ዝም አለ።

«ልጄ?» አሉ አማቷ። ድምፃቸው ትንሽ ነበር፤ ማይኳ ባትኖር አይሰማም ነበር። «ልጄ... መጣህ?»

ጆሮ በድንጋጤ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ባለቁልፏ ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም ብትል እሳቸው ደንግጠው ይሄዳሉ፣ ማታ ሃምሳ አለቃ ይከፍታል፣ ጆሮም በትኬቱ ይሄዳል። ነገ ሳህኑ እንደገና ይቀርባል። አፏን ገመዱ የገባባት ቀዳዳ ላይ አደረገች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ሙሽራዬ? ያንኳኳው ማን ነው ታዲያ? እሱ ነው አይደል?»

«አይደለም። እሱ አይመጣም እማማ። ሞቷል። እንዲህ ባለችው ውስጥ ነው የሞተው። አውቄ ነው የደበቅሁዎት።»

ጆሮ መቅጃውን አጠፋ። ማዳመጫውንም አውልቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ስለዚህ ውጭ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደቆየም አላወቁም። በመጨረሻ ብረቱ ተንቀጫቀጨና በሩ ተከፈተ። ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው። ሃምሳ አለቃ እጀታውን ይዞ ቆሟል፤ አማቷ ከፊቱ።

«ትእዛዝ ጥሰህ ክፈት አሉኝ» አለ ሃምሳ አለቃ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ቀስ ብሎ ሄደ።

አማቷ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ወደ ውስጥ አላዩም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው መሬት ላይ የተደፋውን ምሳ ያያሉ።

«ያ ተኳሽ» አሉ፣ «ቀድሞ የመጣው እኔ ዘንድ ነው።»

ባለቁልፏ ወደ በሩ ተጠጋች።

«ለሷ እንዳትነግራት ብዬ አስማልኩት። ምስኪን፣ ሳይችል ቀርቶ ነው ለካ አንቺ ዘንድ የመጣው። አንቺም አስማልሽው?»

«እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«እናት ነኝ እኮ።»

«ታዲያ አልጋው... ሳህኑ...»

«ሞተ ካልኩ ትሄጃለሽ» አሉ። አላለቀሱም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት። «ወጣት ነሽ፣ ምን ይይዝሻል? እሱን አጥቼ አንቺንም ልጣ? ባልሽ ይመጣል ባልኩ ቁጥር አንድ ቀን ትቆዪልኛለሽ። በሰው ዕድሜ ላይ ነው የቆለፍኩት፣ አውቃለሁ። እግዜር ይፍረድብኝ።»

ባለቁልፏ ብትቆጣ ወግ ነበር። የተወሰደባት ሰባት ዓመት ነው። ቁጣውም መጣ። የሴትየዋን ጀርባ ስታይ ግን በነጠላቸው ሥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ለሰባት ዓመት ያልተለቀሰው ለቅሶ ያኔ ተለቀሰ፤ አማትና ምራት ባለቀንዷ ደፍ ላይ ተቃቅፈው፣ በጠራራ ፀሐይ።

ጆሮ ውስጥ ቀረ። በሩ ተከፍቶለት መውጣት አልቻለም፤ በነሱ መሐል ማለፍ ነውር መሰለው።

ቆይተው አማቷ ዓይናቸውን ጠረጉና ዞር አሉ። «ይሄስ ማነው?»

«ድምፅ የሚቀዳው ሰው ነው» አለች። ከዚያ ሌላ ውሸት ለመጀመር አቅም አጣች። «እወደዋለሁ እማማ።»

ጆሮም ይህን ሲሰማ ገና የመጀመሪያው ነበር። አማቷ ብዙ አዩት። የምሳ ዕቃቸውን ለቃቀሙ፣ ተነሡና አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ።

«አትሂድ»፣ «አልሄድም» ዓይነት ነገር የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል። አልሆነም። ማታ ጆሮ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ተሰናበታት።

«እጠብቅሻለሁ አልልሽም» አለ። «መጠበቅ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ አይቻለሁ። ግን እደውላለሁ። ሲያሰኝሽ አንሺው።»

ቤት ስትደርስ የሟች አልጋ ባዶውን ነው፤ አንሶላው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ጎረቤት ተጠራ፣ ለቅሶ ተቀመጡ፣ «ነፍስ ይማር» ተባለ። እንግዳው ሲያልቅ ግን ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ጠበበ። አማቷ አይቆጡም፣ አያወሩም፣ ምሳም ማምጣት ተዉ። ባለቁልፏ ልሂድ እንዳትል እግሯ ይከብዳል፤ ልቅር እንዳትል ነፍሷ እምቢ ትላለች። ስልኩ እራት ሰዓት ላይ ይጠራል። ታየዋለች፣ አታነሳውም። ጠርቶ ጠርቶ ይቆማል።

እንዲህ ብዙ ከረሙ። አንድ ምሽት ስልኩ ሲጠራ አማቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ይሄ ስልክ ሊያደነቁረኝ ነው» አሉ። «ወይ አንሺው፣ ወይ እኔ ላንሳው።»

«እማማ...»

«እኔ እሱን ጠልቼ አይደለም። ብቻዬን መብላት ነው የምፈራው። እሱ እሑድ እሑድ መምጣት ያቅተዋል?»

አነሳችው። ጆሮ «ሃሎ» አለ፤ እሷ መናገር አቃታት። እሱም ሥራው ማዳመጥ ነውና ዝም ብሎ ትንፋሿን ሰማ። አማቷ ሳህኑን ይዘው ወደ ማጀት ገቡ፤ ማጀት ውስጥ ምን ሲያደርጉ እንደቆዩ አልተናገሩም።

ባለቀንዷ ጨዋታው ውስጥ ገባች። ተጫዋቾቹ ዛሬም አልረኩም፤ «የበሩ ድምፅ ተጋኗል፣ በር እንዲህ አይጮህም» እያሉ ይጽፋሉ አሉ። ጆሮ ግን አላስቀነሰውም።

ጋብቻቸውን ለመፈራረም ማዘጋጃ ቤት የሄዱ ቀን አማቷ ሃምሳ አለቃን አስከትለው መጡ። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ የሙሽራዋን ስም ጻፈችና ቀና አለች።

«ከሙሽራዋ በኩል ማን ነው የቀረበው?»

ባለቁልፏ ወላጆቿን በልጅነቷ ነው ያጣችው። አማቷ ተነሡ፤ ጠረጴዛው ድረስ ለመድረስ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እርስዎ ምኗ ነዎት እናቴ?»

ጸሐፊዋ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች።

«ጻፊ» አሉ። «እኔ ነኝ የምድራት።»